ጳጉሜን የማያውቅ ሰዓት

ጃንሆይ አንድ የእጅ ሰዓት ነበራቸው። ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴል ቁጥሩ 2497። በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1954) ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ የተበረከተላቸው ነው ይባላል። ሰዓቱ ቀኑን፣ የዕለቱን ስም፣ ወሩን፣ ጨረቃዋ ምን ያህል እንደሞላች ሁሉ ያሳያል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ባትሪ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ሞላና ጥርስ ብቻ! በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ጄኔቫ ውስጥ ሊሸጠው አስተዋውቆ ነበር፤ የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሣ ከጨረታው አወጣው።

የማን ነው የሚለውን ለጠበቆች እንተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉን አዋቂ ሰዓት ጳጉሜንን አያውቅም!

እስቲ አስቡት። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ጳጉሜን 3 ቀን እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰዓታቸውን ቢያዩ የሚነግራቸው «ሴፕቴምበር 8» ብሎ ነው። እንቁጣጣሽ ዕለት አገር ምድሩ አደይ ይዞ ሲወጣ፣ እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ 11 ቁጥር ላይ ቁጭ ብሏል። በዘመኑ ከተሠሩት እጅግ ከረቀቁት ሰዓቶች አንዱ፣ ባለቤቱ የሚገዙትን አገር አዲስ ዓመት አያውቅም ማለት ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ከዚህ በኋላ የፈረንጅ ዓመት ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እያልኩ ነው። ይኸው፣ ስለ ሰዓት ለመጻፍ እንኳን ሁለት ካላንደር መያዝ ግድ ሆነ።)

በሰዓት ሰዎች ቋንቋ «ኮምፕሊኬሽን» የሚባል ነገር አለ። ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ከመቁጠር አልፎ የእጅ ሰዓት የሚሠራው ተጨማሪ ሥራ ሁሉ ማለት ነው። ቀን ማሳየት ኮምፕሊኬሽን ነው። እንደ ሩጫ ዳኛ ጫን አድርጎ ማስጀመርና ማቆም ኮምፕሊኬሽን ነው። የሌላ አገር ሰዓት ጎን ለጎን ማሳየት፣ ጨረቃን መከተል፣ መደወል… እያለ ይቀጥላል። የትኛው ይበልጥ ያምራል፣ የትኛው ይበልጥ ይጠቅማል የሚለው ክርክር የሰዓት አፍቃሪዎች የማያልቅ ወሬ ነው። እኔም ጋዜጠኝነት ተምሬ ሥራ ስፈልግ በነበረበት ጊዜ ይሄ ነገር ለከፈኝ፤ የማልገዛቸውን ሰዓቶች ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። ግን እዚህ ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ የእነሱን «ምርጥ አሥር» ሳነብ፣ ሙሽሮቹን የማላውቃቸው ሰርግ ላይ የተጠራሁ ይመስለኛል። ድግሱ አምሯል፤ ለእኔ ግን አይደለም።

ታኪሜትር የሚባለውን እንይ። በሰዓቱ ፊት ዙሪያ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ሰከንድ እንደፈጀባችሁ ለክታችሁ ፍጥነታችሁን ታነባላችሁ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። እዚህ ከተማ የምንጓዘው በባጃጅ ነው። ባጃጅ የሚያበቃበት ቦታ ላይ የሚጀምር መለኪያ ምን ይሠራልናል? ቱርቢዮን የሚባለውንም (ብሬጌ እ.ኤ.አ. በ1801 የባለቤትነት መብት ያወጣበት፣ ኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰዓትን ስበት እንዳያዛባው ተብሎ የተፈጠረ) አድንቀን እንለፈው። ክንዳችን ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ ነው የሚውለው፤ ጥቅሙ ለዓይን ነው።

ደቂቃ ሳይቀር በደወል የሚቆጥረውን ሰዓት ግን አልንቀውም። የተፈጠረው የኤሌክትሪክ መብራት ሳይኖር፣ በጨለማ ሰዓት ለማወቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የተሰቀለውን የድንጋይ ደወል ድምፅ የሚያውቅ ሰውም «ሰዓት በጆሮ ይሰማል» ቢሉት አይገርመውም። ዋጋው ግን የአንድ ቤት ዋጋ ነው። ሻማ ይሻለናል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የእኛ ሰዓት ሲነጋ ይጀምራል። ፈረንጆቹ ጠዋት 9 ሲሉ እኛ 3 ሰዓት እንላለን። ይሄን እንደ ኋላቀርነት የሚያዩ ጓደኞች አሉኝ፤ «ከዓለም ጋር እንስተካከል» ይላሉ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሰማይ እንይ እላለሁ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። ረጅሙ ቀናችንና አጭሩ ቀናችን ቢነጻጸሩ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ጣና ላይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ውስጥ ነው። ሰዓቶቹ በሚሠሩበት ጄኔቫ ግን የበጋ ቀንና የክረምት ቀን ልዩነት ከ7 ሰዓት በላይ ነው! እዚያ «ከንጋት ጀምሬ ልቁጠር» የሚል ሰው ያብዳል። እዚህ ግን ንጋት የታመነ ነው። ከታመነ ነገር መቁጠር ኋላቀርነት አይደለም፤ ስዋሂሊ የሚናገሩት ጎረቤቶቻችንም በቋንቋቸው ልክ እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት።

ችግሩ ሁለቱን ማቀላቀሉ ላይ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር በኢንተርኔት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ወረቀቱ ላይ ያለው 9:00 ነው። በ9 ሰዓት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ዳታ ሞልታ ተቀመጠች። እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጠብቀዋት፣ አጥተዋት፣ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ደብዳቤው ላይ ከ9:00 አጠገብ ሁለት ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበሩ። ሁለት ፊደላት ናቸው ያንን ሥራ የበሉት። የሚያሳዝነው ደግሞ የሰዓት ቅየራ ጠፍቷት አይደለም፤ እንደ ማንኛችንም በቀን ሃያ ጊዜ ትቀይራለች። ሃያ አንደኛው ላይ ራሷ ደከመ።

እና ለዚህ የሚሆን ኮምፕሊኬሽን አለ? አለ፤ ያውም አንዲት ጥርስ አይጨምርም! ልብ በሉ፦ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በ12 ሰዓት ፊት ላይ 6 ሰዓት ማለት ግማሽ ዙር፣ ልክ ትይዩ ማለት ነው። ስለዚህ አጭሩ ቆጣሪ የፈረንጁን ሰዓት ሲያሳይ፣ ጅራቱ የኛን ሰዓት ያሳያል። አጭሩ ቆጣሪ 9 ላይ ከሆነ ጅራቱ 3 ላይ ነው። ደቂቃው አንድ ነው፤ አይነካም። የሚያስፈልገው ጅራቱን ማስረዘምና ጫፉን ቀለም መቀባት ብቻ። በቃ! በሁለት አገር ሰዓት የሚያነብ ሰዓት፣ በአንድ ቆጣሪ። የዓለም ታላላቅ ሰዓት ሠሪዎች ሁለተኛ ሰዓት ለማሳየት ስንት ማርሽ ሲጨምሩ፣ እኛ በአቆጣጠራችን ምክንያት በነፃ ያገኘነው ነገር ነው። ብዙዎቻችን ሳናስበው እናደርገዋለን፤ ዓይናችን ቆጣሪውን አይቶ ትይዩውን ያነባል። ሰዓት ሠሪው ይሄን ዓይናችንን ቢያግዘው ምን ነበረበት?

እውነተኛው ባለ ሁለት አገር ሰዓት (ጂኤምቲ የሚሉት) ደግሞ ለሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮሌክስ ለፓንአም አብራሪዎች ብሎ ሲያወጣው ታዋቂ የሆነው፣ በ24 ሰዓት አንዴ የሚዞር ተጨማሪ ቆጣሪ ያለው ማለቴ ነው። እኛ አብራሪዎች አይደለንም፤ ግን እህቱ ቤሩት ወይም ሪያድ የሌለች፣ አጎቱ ዋሽንግተን የሌለ ማን አለ? ዋሽንግተን ከኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያንቀሳቅሱ እንጂ እኛ አንንቀሳቀስም (የታመነ ንጋት አላልኳችሁም?)። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተደውሎላችሁ ልባችሁ ድንግጥ ብሎ፣ «አጎቴ ሆይ፣ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ያላችሁ ሁሉ የዚህን ቆጣሪ ጥቅም ታውቁታላችሁ። ኧረ እንዲያውም ቆጣሪዋ አጎቶች እጅ ላይ ብትሆን ነው የሚሻለው።

ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው ኮምፕሊኬሽን የድሆቹ ነው። ቀንና ዕለት። ሴኮ ፋይቭ እጅ ላይ ያለችው፣ ሦስት ቁጥር አጠገብ ያለችው ትንሽ መስኮት።

ሴኮ ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተጀመረችው፤ የአባቶቻችን ሰዓት ናት ማለት ይቻላል። ክንድ ሲንቀሳቀስ ራሷን ትሞላለች፣ ውኃ ትችላለች፣ ቀንና ዕለት ታሳያለች። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሠሩ አንድ ሰዓት ሠሪ አሉ፤ ዓይናቸው ላይ ያቺን ጥቁር አጉሊ መነጽር ሰክተው ሲሠሩ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። «ጋሼ፣ ሰው ከሁሉ አብዝቶ ምኑን ሰብሮ ያመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀኑን ነው አሉኝ፤ የቀኗን ጥርስ። ለምን እንደሆነ ሲያስረዱኝ በጣም ስለገረመኝ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሰዓት ላላችሁ ይጠቅማችኋል።

የቀኑ መስኮት የሚቀየረው አጭሩ ቆጣሪ 12 ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስ ነው። ፈረንጆቹ ይሄን እኩለ ሌሊት ላይ ያደርጉታል። እኛ ግን ሰዓታችንን በራሳችን አቆጣጠር ስናስተካክል 12 ማለት ወይ ንጋት ነው፣ ወይ ምሽት። እኩለ ሌሊት ላይ እንዲቀየር ማድረግ ጭራሽ አይቻልም! ምርጫው ሁለት ነው። ንጋት 12 ላይ እንዲቀየር ካደረጋችሁት፣ ቀኑ እንደኛ ሰው አባባል ሲነጋ ይጀምራል ማለት ነው። ምሽት 12 ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በዋዜማ ቀኑን እንደምትጀምረው ይሆናል። ከጃፓን የመጣች የፋብሪካ ሰዓት፣ ሳታስበው፣ በሀበሻ ቀን መዞር ትችላለች።

አደጋው ከዚህ ይመጣል። ቀን ለመቀየር ጥርሶቹ መያያዝ የሚጀምሩት ቀደም ብለው ነው፤ ቆጣሪው 9 አካባቢ ሲደርስ ጀምሮ 4 እስኪያልፍ ድረስ። በዚያ መሐል መሙያዋን ስባችሁ ቀኑን በእጅ ከቀየራችሁ ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ለፈረንጅ ይሄ ማለት ሌሊት ነው፤ ተኝቷል። በኛ አቀማመጥ ግን፣ ንጋት 12 ላይ እንዲቀየር ካደረጋችሁት፣ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሰው ደግሞ ሰዓቱን የሚያስተካክለው መቼ ነው? ጠዋት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሰዓቱን ሲያስር! ከሰዓቷ ጋር የሚመጣው መመሪያ ይሄን በኛ አቆጣጠር አይነግራችሁም፤ ለሌላ ሰው ነው የተጻፈው። እናም የአገሬ ሰው ሰዓቱን በጥንቃቄ ሲያስተካክል ይሰብረዋል። ምክሬ አጭር ናት፦ ቀን የምትቀይሩት ከምሳ በኋላ ይሁን።

ለምን በተደጋጋሚ መቀየር አስፈለገ? የቀኑ ቀለበት 31 ጥርስ ስላለው ነዋ። የፈረንጅ ወር አንዳንዱ 31 ስለሆነ። በፈረንጅ ካላንደር የሚሄድ ሰው በዓመት 5 ጊዜ ያስተካክላል፦ ከፌብሩዋሪ፣ ከኤፕሪል፣ ከጁን፣ ከሴፕቴምበርና ከኖቬምበር በኋላ። እኛስ? መስከረም 30 ካለቀ በኋላ ሰዓቷ 31 ትላለች፤ 31 የሚባል ቀን የለንም። ጥቅምት ሲያልቅ እንደገና። ኅዳር እንደገና። አሥራ ሁለቱም ወር፣ ከዚያ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ አንዴ። 13 ጊዜ! አሥራ ሦስት የፀሐይ ወራት አሥራ ሦስት ጊዜ ጥርስ መስበሪያ ሆኑ።

አሁን ቀለበቱን 30 ጥርስ እናድርገው። 31ን ማጥፋት፣ ሌላ ምንም። ምን ይሆናል? መስከረም 30 ሲያልቅ 1 ይመጣል። ጥቅምትም፣ ኅዳርም፣ እስከ ነሐሴ። ጳጉሜን 1 ብሎ ይጀምራል፣ 5 ይደርሳል። የእንቁጣጣሽ ማለዳ 6 ይላል፤ ያኔ (ከምሳ በኋላ!) ጉጧን 25 ጊዜ አዙራችሁ 1 ላይ ታደርሱታላችሁ። በዓመት አንድ ጊዜ። ዶሮው በልቶ ቡናው እየተቀዳ የሚሠራ ሥራ።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚስተካከል ካላንደር በሰዓት ዓለም ስም አለው፤ ዓመታዊ ካላንደር ይሉታል። ፓቴክ ፊሊፕ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ትልቅ ነገር ተደርጎ ተወራለት፤ ዛሬም በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል። እኛ ያንኑ የምናገኘው ከአንዲት ቀለበት ላይ አንድ ጥርስ ቀንሰን ነው! ይሄን መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን ተነሥቼ ቤት ውስጥ ዞርኩ። ብልሃተኛው እኛ ስለሆንን አይደለም፤ ካላንደራችን ቀለል ያለ ስለሆነ ነው። ፈረንጆቹ የወሮቻቸውን ውጥንቅጥ ለማስላት 48 የተለያየ ጥልቀት ያለው ጥርስ (የአራት ዓመት ወር ማለት ነው) ጠርበው ነው «ዘላለማዊ» ካላንደር የሚሉትን የሠሩት። የኛው ዘላለማዊ ካላንደር ማወቅ የሚኖርበት አንዲት አጭር ወር ነው፤ ሦስት ዓመት 5፣ አራተኛው ላይ 6።

አሁንማ ልቀጥል። ዘላለማዊዎቹ ሰዓቶች ፊት ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የምትል ትንሽ ክብ አለች፤ ከአራቱ ዓመት የትኛው ላይ እንዳለን የምታሳይ። የኛዋ ክብ ላይ ምን ይጻፍ? ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ! ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ 2015 እንደዚያ ነበር፣ 2019ም እንደዚያው ነው። ሌላም አለ። የእነሱ «ዘላለማዊ» ዘላለማዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. 2100 ላይ ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖር ሁሉም ማለት ይቻላል በእጅ መስተካከል አለባቸው። የኛ ካላንደር እንዲህ ያለ ዝላይ የለውም፤ በየአራት ዓመቱ፣ ያለ ልዩነት። ስለዚህ በ2092 ዓ.ም. የልጅ ልጆቻችሁ ሰዓት ሳይነካ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 መዋል ትጀምራለች እንጂ ለኛ ሰዓት መስከረም 1 መስከረም 1 ነው።

ደግሞ ጨርሰው ረስተውን ቢሆን ደግ ነበር። ሮሌክስ «ዴይ-ዴት» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው፣ በወርቅና በፕላቲነም ብቻ የሚሠራው ሰዓት፣ የዕለቱን ስም ከሚጽፍባቸው ከሃያ በላይ ቋንቋዎች አንዱ የኛው ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ በፊደላችን፣ ከወርቅ ላይ! የቀኑ ቁጥር ግን 31 ድረስ ይቆጥራል። ስሙን ሰጡን፣ ቁጥሩን አስቀሩት። እንግዳ ተቀብሎ ወንበር አለመስጠት ማለት ይሄ ነው።

ስለ ጨረቃ ሳልጽፍ ባልፍ ራሴን እታዘባለሁ። የጨረቃ ኮምፕሊኬሽን በሰዓት ሰዎች ዘንድ «ቆንጆ ግን የማይጠቅም» ነው የሚባለው። በቃ ጌጥ። እዚህ የጣና ዳር ላይ ይሄን ለአንድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ብትነግሩት ይስቅባችኋል። ፋሲካ መቼ ይውላል? ዐቢይ ጾም መቼ ይገባል? ሁሉም ከጨረቃ ጋር ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ረመዳንን የሚጠብቁት ወደ ሰማይ አንጋጠው ነው። ጨረቃ ለኛ የቀጠሮ ጉዳይ ናት።

የሰዓቱ አሠራር ቀላል ነው። ሁለት ጨረቃ የተሳለባት፣ 59 ጥርስ ያላት ክብ፤ በቀን አንድ ጥርስ ትሄዳለች። 59 ለምን ሆነ? 30 እና 29 ሲደመር ነዋ! የባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ወርም አንዱ 30 አንዱ 29 እያለ ነው የሚቆጠረው። ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቦታ ደረሱ። ግን እውነተኛዋ ጨረቃ ከ29 ቀን ተኩል ትንሽ ትበልጣለች፤ ስለዚህ የሰዓቷ ጨረቃ ሦስት ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀን ትስታለች። ውድ የሆኑት 135 ጥርስ አድርገው በ122 ዓመት አንድ ቀን እንዲስት አድርገውታል፤ ይሄም በኩራት ይነገራል። ባሕረ ሐሳብስ? በ19 ዓመት አንዴ በሚመለሰው ንዑስ ቀመሩ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 በሚሆኑበት ሒሳብ፣ አንድ ቀን የሚስተው በ300 ዓመት ገደማ ነው። በጣት መገጣጠሚያ ሊቆጠር የሚችል ሒሳብ ስዊዞቹን በእጥፍ በለጣቸው። ዳጋ ወይም ዘጌ ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው እጁ ላይ ሰዓት ባይኖርም።

«ምን ያደርጋል፣ ስልክ አለ አይደል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አለ። የኢትዮጵያ ካላንደር የሚያሳይ አፕም ሞልቷል። ግን በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ባሕር ዳርን ጨምሮ ከተሞች ላይ ሰዓት እላፊ በተጣለ ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ሰዓት ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ተምሯል። ባትሪ 4 በመቶ፣ መብራት የለም፣ ቤት ሩቅ ነው። በዚያ ሰሞን የጠላቂ ሰዓት አለንጋ ቀለበቷን (ኮምፕሊኬሽን እንኳን አትባልም፤ በእጅ የምትዞር ቁጥር ናት) ወደ ደቂቃው ቆጣሪ አዙሮ «ለመግባት 40 ደቂቃ አለኝ» ያለ ልጅ አውቃለሁ። የጥልቅ ባሕር መሣሪያ፣ ባጃጅ ውስጥ።

ስልክን አልጠላም። የምለው ሌላ ነው። ስልክ ሲቀይርልን የሚቀይረው ወደ ራሱ ነው፤ የፈረንጁን ዋና አድርጎ የኛን እንደ ትርጉም ከሥር በትንሽ ፊደል። ቅጽ ስንሞላ እንደዚያ፣ የትውልድ ቀን ስንጽፍ እንደዚያ፣ ቀጠሮ ስንይዝ እንደዚያ። ለጓደኛዬ ሥራዋን ያሳጣት ያ የማያቋርጥ ትርጉም ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። አንዳንዶች መድኃኒቱ የኛን መተው ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ እስካሁን ያየሁት ነገር የኛው ሥርዓት ለማሽን የተመቸ መሆኑን ነው፦ ግማሽ ዙር፣ 30 ጥርስ፣ አንዲት አጭር ወር፣ አራት ወንጌላውያን። ሰዓት ሠሪ ቢያልም እንዲህ ያለ ካላንደር ያልማል።

ታዲያ ማን ይሥራው? ጄኔቫን መለመን ትርጉም የለውም። ይሄ ከተማ እኮ የፖሊቴክኒክ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየቶች እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በየዓመቱ ሜካኒካል መሐንዲሶችን ያስመርቃል፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲጠፋባቸው ደግሞ ራሴ አይቻለሁ። ይኸው ርዕስ! አዲስ ሰዓት ፍጠሩ አላልኳችሁም። ገበያ ላይ ካለች አንዲት አሮጌ ሴኮ የቀኑን ቀለበት አውጡ፣ 30 ጥርስ ያለው ቁረጡ፣ ገፊዋን ጥርስ ጥቂት አስተካክሉ፣ ቁጥሩን ጻፉበት። የአጭሩን ቆጣሪ ጅራት አስረዝሙ። የሚያስቸግር ነገር ካጋጠማችሁ ቅዳሜ ገበያ ጠረጴዛ ዘርግተው የተቀመጡ ሰው አሉ፤ እንዳትፈሩ፣ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ብቻ ሲነጋ አትሂዱባቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነው ሥራ ቀለል የሚላቸው።

የመጀመሪያዋን እኔ እገዛለሁ። ዋጋ ላይ ግን እንከራከራለን።

ቸር እንሰንብት!